ጽዳትን የሚቋቋሙ ተሕዋስያን፦ ከጠፈር መንኮራኩር መገጣጠሚያ ክፍል እስከ ከብት በረት

የጠፈር መንኮራኩር የሚገጣጠምባቸው ክፍሎች እጅግ ንጹሕ ከሚባሉ የሥራ ቦታዎች መካከል ናቸው። አየሩ ይጣራል፤ ሠራተኞች ከራስ እስከ እግር ይሸፈናሉ፤ ወለሉና ዕቃው በኬሚካል ይጸዳል። ከዓላማዎቹ አንዱ የምድር ተሕዋስያን ወደ ማርስ ተሻግረው የሕይወት ፍለጋውን እንዳያሳስቱ መከላከል ነው።

ይሁን እንጂ ተሕዋስያን በእነዚህ ክፍሎችም ተገኝተዋል። በካሊፎርኒያ በሚገኘው ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ መገጣጠሚያ ክፍል የተገኘ አንድ የባሲለስ ፑሚለስ ዝርያ አልትራቫዮሌት ጨረርንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን በከፍተኛ ደረጃ ይቋቋማል። ምስጢሩ ስፖር ነው፦ ባክቴሪያው ምግብ ሲያጣ በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ፣ እንደተኛ ሆኖ ምቹ ጊዜን ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ ማርስ የተላኩት የቫይኪንግ መንኮራኩሮች አራፊ ክፍሎች ከ110 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነ ደረቅ ሙቀት ለበርካታ ሰዓታት እንዲቆዩ የተደረገው ስፖሮችን ለመግደል ነበር።

የአባ ሰንጋ በሽታ አምጪም የባሲለስ ወገን ነው። ስፖሩ በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ በውኃና በሳሙና መታጠብም አይገድለውም። ስለዚህ በበደሳ፣ በጭሮና በአካባቢው ሰንጋ የምታደልቡ አርቢዎች የሚከተሉትን እንድትፈጽሙ እናሳስባለን፦

• ከብቶቻችሁን በወቅቱ አስከትቡ፤
• በድንገት የሞተን ከብት ቆዳ አትግፈፉ፣ ሥጋውን አትበልቱ፣ አትመገቡ፤
• ወዲያውኑ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ፤ አወጋገዱንም በባለሙያ ምክር ፈጽሙ፤
• ከታመመ ወይም ከሞተ ከብት ጋር ንክኪ ያለው ሰው ቆዳው ላይ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ከወጣበት ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ በሽታው ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል።