7518 ሲካፈል የሚተርፈው

በላይ ጋይንት የሁለተኛ እርከን ሂሳብ አስተምራለሁ። ማካፈልን ሳስተምር ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ትልቅ ቁጥር 7518 ነው። የዘንድሮው ዓመተ ዓለም ነው፦ 5500 ዘመነ ፍዳ ሲደመር 2018 ዓመተ ምሕረት። ልጆቹ መጀመሪያ ብቸኛ አባዢዎቹን ያወጣሉ፤ 2፣ 3፣ 7 እና 179። ብዙዎቹ 179 ላይ ይቆማሉ። በ13 ሞክረው እምቢ ካለ ከዚያ በላይ መድከም አያስፈልግም፤ 14 በ14 ሲባዛ 179ን ያልፋልና። ብቸኛ ቁጥር ነው።

እኔን የሚስበኝ ግን 7518 በ19 ሲካፈል የሚሆነው ነው። 395 ጊዜ ደርሶ 13 ይተርፋል። ክፍል ውስጥ ቀሪ የሚጻፈው ጥግ ላይ ነው፤ ልጆቹም ድርሻውን ካገኙ በኋላ ይረሱታል። የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የበዓላትና የአጽዋማት ስሌት፣ መምህራን የሚጥሉት ግን ድርሻውን ነው፤ የሚይዙት ቀሪውን። ከ13 አንዱ ተቀንሶ 12 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ 12 ይቀራል፣ አበቅቴ ነው። በ19 ሲባዛ 228፤ እንዲሁ ሲገደፍ 18፣ መጥቅዕ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል። የዘንድሮ መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 7 ሲጨመር 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ትንሣኤ ከዚያ 69ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 4።

አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 እንደሚሆኑ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሁሉ ያውቃል። ምክንያቱን ሳሳያቸው የልጆቹ ፊት ሲበራ ማየት ደስ ይለኛል። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው፤ ስለዚህ ወንበሩ ምንም ይሁን ምን የሁለቱ ብዜቶች ድምር ሁልጊዜ የ30 ብዜት ነው። እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ለስድስተኛ ክፍል አይከብድም።

532ም አለ፤ ዐቢይ ቀመር የሚባለው። ዘመነ ወንጌላውያን በ4፣ ዕለታት በ7፣ ጨረቃ በ19 ይዞራሉ። ከሦስቱ የትኞቹም ሁለቱ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት በብዜታቸው ነው። 7518 ውስጥ 532 አሥራ አራት ጊዜ ይገባና 70 ይተርፋል፤ 15ኛው ዐቢይ ቀመር 70ኛ ዓመት ላይ ነን ማለት ነው። በአውሮፓ የአኪቴኑ ቪክቶሪየስ በ457 የ532 ዓመት የፋሲካ ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል። ጀርመናዊው ጋውስ የቀሪዎችን ሂሳብ ሥርዓት አስይዞ ያሳተመው በ1801 ነው። የእኛ ሊቃውንት የባሕረ ሐሳብን ስሌት ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለዲሜጥሮስ ሰጥተው በቃል ሲያወርሱት ኖረዋል።

ጋይንት የድጓው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ያሉበት አገር ነው። ከጉባኤ ቤት ወጥቶ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ በቀሪ ማስላትን ለምዶ ሊመጣ ይችላል፤ እኛ ግን ሳንጠይቀው ከዜሮ እንጀምርለታለን። ይህ ብክነት ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሂሳብ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ማካፈል ስትደርሱ አንድ የባሕረ ሐሳብ መምህር ለአንድ ክፍለ ጊዜ ጋብዙ። ለቤት ሥራ 7519ን ስጡ። ቀሪው 14፣ መጥቅዑ 7፣ የ2019 ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ሆኖ መውጣት አለበት።