የመንጋጋ ቅባት

ጫሞ ሐይቅ ላይ «አዞ ገበያ» ከሚባለው ዳርቻ ጀልባው ሲደርስ አንዱ ግዙፍ አዞ አፉን በርግዶ ተጋድሟል። ዛቻ አይደለም፤ ሙቀት ማስተንፈሱ ነው። የአዞ መንጋጋ እንደ በር ማጠፊያ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በቃ። የመዝጊያው ጡንቻ አጥንት ይሰብራል፤ የመክፈቻው ግን ደካማ ስለሆነ አፉ አንዴ ከተዘጋ ገመድ ይበቃዋል።

የእኛ መንጋጋ ማጠፊያም መንሸራተቻም ነው። ጣትዎን ከጆሮዎ ፊት አሳርፈው አፍዎን ቀስ ብለው ይክፈቱ፦ የአጥንቱ ራስ መጀመሪያ ባለበት ይዞራል፣ ከዚያ ወደ ፊት ሸርተት ይላል። በመሐል ያለው ስስ ዲስክ መገጣጠሚያውን ለሁለት ይከፍለዋል። ሁለቱ ክፍሎች ሊይዙ የሚችሉት ፈሳሽ ተደምሮ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ይህች ጠብታ መገጣጠሚያውን እንዴት እንደምታለሰልስ ተመራማሪዎች ብዙ ተከራክረዋል። የማሽን ዘንግ ሲሽከረከር ዘይቱን ራሱ ከሥሩ ስቦ ያስገባል፤ ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1886 እ.ኤ.አ. ስሌቱን ሠራለት። መንጋጋ ግን እየቆመ፣ እየነከሰ፣ እየተመለሰ ነው የሚሠራው። ማኩችን በ1959 ልም አጥንት ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ፈሳሽ ያወጣል አለ፤ ቻርንሊ ደግሞ ሰበቃውን የሚቀንሰው ገጹ ላይ የተለጠፈው ሽፋን ነው ባይ ነበር። ዛሬ ሁለቱንም ማስታረቅ ይቻላል፦ መጀመሪያ ሸክሙን ፈሳሹ ይይዛል፤ ፈሳሹ ሲሸሽ ሉብሪሲን የተባለው ፕሮቲንና ቅባቶች ገጹን ይጠብቃሉ።

ችግሩ ታዲያ መጫን ብቻ ሳይሆን ጭኖ መቆየት ነው። ቆሎ የሚቆረጥም ሰው መንጋጋውን ያንቀሳቅሳል፤ ፈሳሹም ይመላለሳል። ጫቱን በአንድ ጉንጭ ወጥሮ ከቀትር እስከ ምሽት የሚቀመጥ፣ ወይም በእንቅልፉ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ግን ጡንቻውን አያሳርፍም። እኔን ቢጠይቁኝ የምፈራው ቆሎውን ሳይሆን ጉንጩን ነው።

በኢየሩሳሌም ትሠራ የነበረችው የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ዶሪት ኒትዛን እንደምትለው፣ ከልክ ያለፈ ጫና የፈሳሹን ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚሰባብሩ ጎጂ ሞለኪውሎችን ያስነሣል፤ ቅባቱ ሲጎዳ ዲስኩ ይጣበቃል፣ አፍም እንደ ልብ አይከፈትም። በ1991 ከባልደረቦቿ ጋር መርፌ አስገብታ መገጣጠሚያውን በፈሳሽ አጠበች። የብዙዎቹ ሕሙማን አፍ ተከፈተ። ዲስኩ ግን ከነበረበት አልተመለሰም፤ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ሲለፉ የኖሩት ደግሞ እሱን ለመመለስ ነበር።