የብድሩ ወርና የበርበሬው ወር

ቡሬ ላይ በርበሬ የምትነግድ ሴት ገንዘብ የሚቸግራት ዛላው ደርቆ በገፍ ገበያ በሚወርድበት ሰሞን ነው። ያኔ ዋጋው ይረክሳል። ገዝታ፣ የነጣውንና የሻገተውን ለቅማ፣ እንደገና ፀሐይ አስመትታ በጆንያ ብታስቀምጥ ትርፉን የምታየው ከወራት በኋላ በርበሬ ሲወደድ ነው። እስከዚያ ከጆንያው ቤሳ ቤስቲን አይወጣም። በየወሩ የሚከፈል ብድር ከወሰደች ግን ገና ያልተወደደውን በርበሬ እያወጣች መሸጥ ትጀምራለች። ትርፉን ጆንያውን ከእጇ የገዛው ሰው ይወስደዋል።

ጎረቤቷ አረቄ የምታወጣ ከሆነች ነገሩ ይገለበጣል። ዳጉሳና ጌሾ ገዝታ፣ ጠንስሳ፣ አውጥታ እስክትሸጥ ሳምንታት ይበቋታል። (አረቄን ምን አመጣው የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም፤ በጎጃም ገጠር የስንት ቤት የደብተርና የጨው ብር ከዚያ እንደሚወጣ ይጠይቅ።) ለእሷ የሚስማማው በትንሽ በትንሹ የሚከፈለው ነው። ዓመት ጠብቆ በአንድ ጊዜ ክፈይ ከተባለች ገንዘቡ በየገበያው ቀን ሲገባ ሲወጣ ከርሞ የመክፈያው ዕለት በግ ትሸጣለች።

ስለ ገጠር ሴቶች ብድር ስንት ሴቶች ተበደሩ ተብሎ ሪፖርት ይቀርባል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው የመክፈያው ቀን ከሥራቸው ጋር ይገጥም እንደሆነ ነው።

ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በሰፊው አጠራር አብቁተ፣ የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋማት አዋጅ ቁጥር 40/1988 ከወጣ በኋላ ፈቃድ አግኝቶ በየወረዳው ተስፋፋ። መሬት በማይሸጥበት አገር ድሃ የሚያስይዘው ስለሌለው ተበዳሪዎች በቡድን ተደራጅተው እርስ በርስ ዋስ ይሆናሉ። ዘዴው በባንግላዴሹ ግራሚን ባንክ ዝነኛ የሆነው ነው። አራጣ አበዳሪን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር።

ለውጡ ግን ገቢ አሳደገ ወይ? የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ታሮዚና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 በአማራና በኦሮሚያ ገጠር ቀበሌዎችን በዕጣ ለይተው አጥንተዋል። ብድሩ በደረሰባቸው ቀበሌዎች ተበዳሪው በብዙ ጨምሯል። በገቢ፣ በልጆች ትምህርትና በሴቶች የመወሰን አቅም ላይ ግን በአብዛኛው የተረጋገጠ ለውጥ አልታየም። ውጤቱ ብዙ አላስገረመኝም። በሚስት ስም የወጣ ብር ለባል ማዳበሪያ ሲውል ማንም ሲያየው የኖረ ነገር ነው።

ሌላው ችግር ወለዱ ነው። እንበልና 10,000 ብር በ18 በመቶ ለአንድ ዓመት ተበደረች፤ ወለዱ በመነሻው ብድር ላይ ተሰልቶ 1,800 ብር ሆነ፤ ድምሩን በ12 እኩል ክፍያ ትመልሳለች። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ዋናውን እየመለሰች ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ 10,000 ብር በእጇ የለም፤ በአማካይ ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ተሰልቶ ቢታይ ይህ ክፍያ በዓመት ወደ 32 በመቶ የሚጠጋ ወለድ ማለት ነው። አበዳሪውም ሰበብ አለው፤ ትንሽ ብድርን ገጠር ወርዶ መስጠትና መሰብሰብ የሚጠይቀው ወጪ ከትልቁ እምብዛም አያንስም። ያም ሆኖ ሴትየዋ ከመፈረሟ በፊት በየወሩ ምን እንደምትከፍልና ጠቅላላው ስንት እንደሚሆን በብር ሊነገራት ይገባል።

የመያዣው በር በሕግ በኩል ገርበብ ብሏል። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 የመጠቀም መብትን በዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ 1147/2011 ደግሞ ከብትንም ሸቀጥንም ያካትታል። እንግዲህ ያ የበርበሬ ጆንያ ራሱ መያዣ መሆን ይችላል። ጆንያውን የሚያስቀምጥ፣ ጥራቱን የሚመሰክር መጋዘን ግን በየገበያው ያስፈልጋል።

የሰብል ብድር ምርት እስኪገባ ይጠብቃል፤ ይህን የብድር ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። ለሴቲቱ ንግድም የዚያኑ ያህል መታገሥ ቢበዛ የውሉን አንድ አንቀጽ መቀየር ነው። በዚያው አንቀጽ ላይ መንገድ ተዘግቶ ገበያ ሳይቆም ሲቀር ክፍያው የሚራዘምበት ሐረግ ይጨመርበት። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ገበያውን ሲያቋርጥ ዕዳው ግን መቁጠሩን አላቆመም፤ መክፈል ያቃታትንም ሴት ዕዳ የሚከፍሉት እነዚያው የቡድን አባሎቿ ናቸው።