ከማኒያ በፊት የሚታየው፦ ባይፖላር ሕመም ያለባቸው ወላጆች ልጆችና ቀዳሚ የስጋት ምልክቶች

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የ15 ዓመት ተማሪ ከእናቷ ጋር መጣች እንበል። ከትምህርት ቀርታለች፤ ከጓደኞቿ ርቃለች፤ እንቅልፏ ተዛብቷል፤ ያለ ግልጽ ምክንያት ታለቅሳለች። የጤና ባለሙያው የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ ሥልጠና ለሌላቸው የጤና ተቋማት ያዘጋጀውን የአእምሮ ጤና መመሪያ ተከትሎ ድብርት መሆኑን ይለያል። መመሪያው እንደሚያዘውም ከዚህ ቀደም የማኒያ ምልክት ታይቶባት እንደሆነ፣ ማለትም ከልክ ያለፈ የስሜት ግለት፣ የእንቅልፍ ፍላጎት መቀነስ፣ የንግግርና የሐሳብ ጥድፊያ ደርሶባት እንደሆነ ይጠይቃል። መልሱ «የለም» ነው፤ እውነትም የለም። ነገር ግን የልጅቱ አባት ከዓመታት በፊት በአማኑኤል ሆስፒታል ተኝቶ በባይፖላር ሕመም ታክሟል። ይህን ማንም አልጠየቀም፤ እናትም በራሷ ፈቃድ አታነሣውም።

ምሳሌው ምናባዊ ነው፤ ችግሩ ግን ምናባዊ አይደለም። ባይፖላር ሕመም በቤተሰብ ውስጥ በብርቱ ከሚተላለፉ የአእምሮ ሕመሞች አንዱ ነው። በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ ከመቶ ሰዎች አንዱን ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ቁጥር ሲይዝ፣ ሕመሙ ያለበት ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ባላቸው ሰዎች ላይ ስጋቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ እንደሚደርስ በሰፊው ተቀባይነት አለው። ቁጥሩ በሁለት በኩል መነበብ አለበት። ስጋቱ ብዙ እጥፍ መጨመሩ እውነት ነው፤ ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ሕመሙ ፈጽሞ እንደማይዛቸውም እንዲሁ እውነት ነው። የቀዳሚ ምልክቶች ጥናት አስቸጋሪነት የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ የሚያስጠነቅቀው ምልክት ሁሉ በጤናማ ልጆችም ላይ ይታያልና።

የሆላንድ ተመራማሪዎች የታካሚ ወላጆችን 140 ልጆች ከአፍላ ወጣትነት ጀምረው ለ12 ዓመታት ተከታትለዋል። በመጨረሻው ምዘና ከልጆቹ 72 በመቶው በአንድ ወቅት አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አጋጥሟቸው ነበር፤ ከባይፖላር ሕመም ዘርፎች አንዱ የተገኘባቸው ግን 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይበልጥ ትኩረት የሚሻው የሕመሙ አጀማመር ነው። ባይፖላር ከሆነባቸው ልጆች መካከል በ88 በመቶው ላይ መጀመሪያ የታየው ድብርት እንጂ ማኒያ አልነበረም። በካናዳ አን ደፊና ባልደረቦቿ ለረጅም ዓመታት ያካሄዱት ክትትልም ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ያሳያል። በልጅነት የእንቅልፍ መታወክና ጭንቀት ይቀድማሉ፤ በአፍላ ወጣትነት ድብርት ይከተላል፤ ማኒያ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ ለ15 ዓመቷ ተማሪ የቀረበው «ማኒያ ነበረብሽ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ትክክል ቢሆንም ጊዜው ገና ነው። በዚያ ዕድሜ መልስ ሊሰጥ የሚችለው ጥያቄ ስለ ቤተሰቧ የሚነሣው ነው።

የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ወደ ስሌት አቅርበውታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት አራት ነገሮች ተደምረው ሲገኙ፣ እነርሱም ጭንቀትና ድብርት፣ በፍጥነት የሚለዋወጥ ስሜት፣ ሙሉ ማኒያ ያልደረሰ የግለት ምልክት፣ እንዲሁም የወላጅ ሕመም በለጋ ዕድሜ መጀመር ናቸው፣ ልጁ ባይፖላር ሕመም የመያዝ ዕድሉ 49 በመቶ ገደማ እንደሚሆን ገመቱ። አራቱም በሌሉበት ግምቱ ወደ 2 በመቶ ይወርዳል። ሁለቱም ወገኖች የታካሚ ወላጆች ልጆች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ከአራቱ አንዱ ደግሞ ልጁን በመመልከት ፈጽሞ ሊገኝ አይችልም፤ ወላጅ መቼ እንደታመመ የሚያውቅና ለመናገር የሚፈቅድ ሰው ያስፈልጋል።

ለመናገር የሚፈቅድ ሰው ማግኘት በኢትዮጵያ ምን ያህል እንደሚከብድ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቡታጅራ አሳይታለች። ከኮልፌ ቀራኒዮ በአየር ጤና ወጥቶ በአለምገና በኩል የሚደረስባት ይህች አካባቢ ለክፍለ ከተማው ባይተዋር አይደለችም፤ በኮልፌ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ዘመድ አዝማድ በዚያ አላቸው። ዓለማየሁ ነጋሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ሥራ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ተጠይቀው 315 ሰዎች ባይፖላር ሕመም እንዳለባቸው ተረጋግጧል፤ ይህም 0.5 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ሥራ ከቃለ መጠይቁ ጎን ለጎን አካባቢያቸውን በሚገባ የሚያውቁ ነዋሪዎች የሚጠረጥሯቸውን ሰዎች እንዲጠቁሙ ተደርጓል። ዘዴው ብልህነት ነበረው፤ ማኒያ ጎረቤት ሁሉ የሚያየው ሕመም ነው። በዝግታ የምትፈዝን፣ ሌሊት የምትባንን፣ ያለ ልክ የምትጨነቅን ልጅ ግን ጎረቤት አይጠቁምም።

ከዚያው ከቡታጅራ ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት የከባድ አእምሮ ሕመምተኞችን ቤተሰቦች ጠይቋል። 75 በመቶው በዘመዳቸው ሕመም ምክንያት መገለል እንደደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናገሩ፤ 37 በመቶው ሕመሙ እንዳይታወቅ መደበቅ ይፈልጉ ነበር። መደበቁ ከጋብቻ፣ ከዕድርና ከጉርብትና አንጻር ሲታይ ምክንያት ያለው ጥንቃቄ ነው። «ዘራቸው ነው» የሚለው ቃል በአንድ ሰፈር ከተነገረ የሴት ልጅን ትዳር ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ በሕክምናው ዓይን ዋነኛ መረጃ የሆነው በቤተሰቡ ዓይን ዋነኛ ምሥጢር ነው። ወላጁ ጠበል ወይም ሩቅያ ተወስዶ «ተሻለው» የተባለ እንደሆነም ሕመሙ ስም ሳይወጣለት ያልፋል፤ «በቤተሰብ ውስጥ ባይፖላር ያለበት አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው «የለም» ሐሰት ላይሆን ይችላል። «እንቅልፍ ሳይተኛ፣ ሳይደክመው፣ ገንዘብ እየበተነ ለቀናት የቆየ ዘመድ ነበረ? ጠበል የተወሰደ ወይም አማኑኤል የገባስ?» የሚለው አጠያየቅ የተሻለ መልስ ያመጣል፤ ጥያቄው ልጅቱ በሌለችበት፣ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

የዘር ውርስ ድርሻ በአገር ውስጥም ጥያቄ አስነሥቷል። አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ነዋሪዎች ላይ ባወጡት ጥናት የባይፖላር ሕመም መጠን 1.83 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከቡታጅራ ሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የሕዝቡ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ንጽጽሩ በጥንቃቄ ይያዝ እንጂ ተነጥሎ የኖረ ማኅበረሰብ ስለሆነ ውጤቱ የውርስን ጥያቄ ያነሣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ተቋማት ጋር የተሳተፈበት የአፍሪካ ሕዝቦች የሳይኮሲስ ዘረ መል ጥናትም የተነሣው ከዚህ ዓይነቱ ክፍተት ነው። በዓለም ላይ ያሉት የዘረ መል ስጋት ስሌቶች በአመዛኙ በአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የተሠሩ በመሆናቸው በአፍሪካውያን ላይ ትክክለኛነታቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ለአንድ የኮልፌ ልጅ ዛሬ የሚረባው መሣሪያ የደም ናሙና ሳይሆን በጥንቃቄ የተወሰደ የቤተሰብ ታሪክ ነው።

ምልክቶቹን ከኑሮው መለየት ሌላው ፈተና ነው። በአንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ወላጅ በማኒያ ሌሊቱን ሲያወራና ሲንጎራደድ ካደረ ልጁም አይተኛም፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው በራሱ ሕመም ሳይሆን በወላጁ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና የደረሰበት ወይም ጫት የጀመረ ወጣትም ይነጋበታል። የሚለየው ነገር ከድካሙ ጋር ያለው ግንኙነት ነው፦ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ይደክመዋል፤ ዕድል ሲያገኝም ይተኛል። ጥቂት ሰዓት ተኝቶ ሳይደክመው፣ ይልቁንም ከወትሮው በላይ ነቅቶና ተጣድፎ ለቀናት የሚዘልቅ ከሆነ፣ ለውጡም ከልጁ የቀድሞ ጠባይ ጋር የማይገናኝ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው። ሁልጊዜም ቁጡ የነበረ ልጅ መቆጣቱ ብዙ አይናገርም። በየወቅቱ እየመጣ የሚሄድ ለውጥ ይናገራል።

የቤተሰብ ታሪኩ መታወቁ ሕክምናውን በተጨባጭ ይለውጣል። ለድብርት የሚሰጡ መድኃኒቶች ወደ ባይፖላር የሚያዘነብል ሰው ላይ ማኒያ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ለአፍላ ወጣቶች መድኃኒት የመጀመሪያ ምርጫ እንዳይሆን መመሪያው ራሱ ያዝዛል፤ ወላጅ ባይፖላር ሕመም ካለበት ደግሞ ውሳኔው ወደ ስፔሻሊስት መተላለፉና መድኃኒቱ ከተጀመረም ቅርብ ክትትል መደረጉ ግድ ይሆናል። ይህ ማለት ግን ልጁ ታማሚ ተብሎ ይመዝገብ ማለት አይደለም። «እንደ አባቱ ሊሆን ነው» እየተባለ የሚያድግ ልጅ እያንዳንዱን ደስታውንና ቁጣውን በጥርጣሬ ይመለከታል፤ በካርድ ላይ የሚሰፍረውም የወላጅ ሕመምና የታየው ምልክት እንጂ ገና ያልመጣ ሕመም ስም መሆን የለበትም።

የካናዳው ክትትል ሌላም ነገር አሳይቷል፤ ልጁ ሕክምና ካልተደረገለት የወላጅ ሕመም ጋር የቆየበት ዘመን በረዘመ መጠን የልጁ የመታመም ዕድል ይጨምራል። ከዚህ አንጻር የልጆች ጥበቃ ከወላጆች መታከሚያ ክፍል ሊጀምር ይችላል። መድኃኒት ሊወስድ በየወሩ የሚመላለስ አባት ወይም እናት «ልጆች አሉህ? ስንት ዓመታቸው ነው? እንዴት ይተኛሉ?» ተብሎ ለመጠየቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።