ግንበኛ ከመቅጠር በፊት ሊታሰብ ስለሚገባው ነገር



ቤት የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «ግንበኛው በስንት ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል። በድሬዳዋ ግን ይህ ጥያቄ ሁለተኛ እንጂ መጀመሪያ ሊሆን አይገባውም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችንና ብዙ ቤት እንደ ወሰደ ከተማው አይዘነጋውም። ጽኑ ግንብ ጎርፍን ሁሉ ባይመክትም፥ ደካማው አስቀድሞ ይወድቃል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ታላላቅ ሕንፃዎች ሲሠሩ መሐንዲስና ተቆጣጣሪ ነበራቸው፤ የእርስዎን ቤት ግን የሚጠብቀው የራስዎ ዓይንና የግንበኛው ሕሊና ነው።

ስለዚህ ከመዋዋልዎ በፊት ግንበኛው ቀደም ሲል የሠራውን ግንብ ሄደው ይዩ። አዲስ ልስን ሁሉ ያማረ ነው፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ሁለት ሦስት ክረምት ካለፈበት በኋላ ነው።

ሥራው ሲጀመር ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፥ የወንዙ አሸዋ በብርጭቆ ውሃ ተበጥብጦ ሲረጋ ከላዩ ወፍራም ጭቃ ከታየበት ይታጠብ ወይም ይመለስ። ሁለተኛ፥ መሠረቱ ሳይታይና ሳይለካ አፈር አይልበስ። ሦስተኛ፥ ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውሃ ጋር በመዋሐድ ነውና፥ በዚህ የቆላ ፀሐይ ግንቡ ቢያንስ 7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ።

ውሉ በጽሑፍ፥ ክፍያውም እንደ ሥራው ደረጃ ይሁን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሥራው ጽናት 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ነገር ግን በቃል የቀረ ስምምነት ለማስረዳት ያስቸግራል። እርስዎም የግንበኛውን ዋጋ በቀጠሮው ቀን ይክፈሉ፤ ደመወዙ የዘገየበት ሰው እጁ ይቸኩላል፥ ሥራውም አይጸናም።