ያውቁ ኖሯል? የመወጣጫው ቁመት ከጉልበትዎ ይለካል

ያውቁ ኖሯል? በአንድ እግር ወጥተው የሚወርዱበት የስፖርት መወጣጫ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ቁመት የለውም። ልኩን የሚያገኙት ከራስዎ እግር ነው። አንድ እግርዎን መወጣጫው ላይ ሙሉ በሙሉ ያሳርፉና ታፋዎን ይመልከቱ። ታፋዎ ከመሬቱ ጋር እኩል ተጋድሞ ከታየ ጉልበትዎ ወደ 90 ዲግሪ ታጥፏል፤ ለጤነኛ ሰው የላይኛው ወሰን ይኸው ነው። ጉልበትዎ ከዳሌዎ በላይ ከወጣ መወጣጫው በዝቶብዎታል።

ለጀማሪ አንድ ስንዝር ይበቃል። የአዋቂ ሰው ስንዝር 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ረጅም ሰው ስንዝሩም አብዛኛውን ጊዜ ይረዝማል። ስለዚህ ሜትር በማይገኝበት የጃቢ ጠህናን ገጠር እንኳ መለኪያው እጅዎ ላይ አለ።

ያውቁ ኖሯል? በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ግንባታ ባለበት ሁሉ የሚታየው ባለ 15 ብሎኬት ሁለት የመወጣጫ ቁመት ይሰጣል። ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። በጎኑ ካጋደሙት 15፣ ግድግዳ ላይ እንደሚደረደረው ካስቀመጡት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያገኛሉ። ሁለት ብሎኬቶችን አጠጋግተው ቢጠቀሙ መርገጫው ይሰፋል። በቁሙ አቁመው 40 ሴንቲ ሜትር አገኘሁ ብለው ግን እንዳይወጡበት፤ ይወድቃል። በርጩማም እንዲሁ ነው፤ ለመቀመጫ ተሠራ እንጂ ዳሩን ሲረግጡት ይገለበጣል። የገጠሩ ቤት መደብ ግን አይነቃነቅም፤ ይህ ትልቅ በጎነቱ ነው። ይሁንና ለመቀመጫ የታሰበ ከፍታ ስለሆነ ለብዙ ሰው ወደ ላይኛው ወሰን ይጠጋል፤ ከመደብ አይጀምሩ።

ጉልበት ይበልጥ በታጠፈ ቁጥር የጉልበት ሎሚ ከጭን አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። ከፍ ያለ መወጣጫ የጉልበትን ፊት የሚያሳምመው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ሲያመው ስፖርቱን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። መጀመሪያ መደረግ ያለበት ግን መወጣጫውን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ከ40 ወደ 20፣ ከ20 ወደ 15። ሕመሙ ከዚያም ካልተወ፣ ወይም ጉልበቱ ካበጠ፣ የሐኪም ጉዳይ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በ20 ሴንቲ ሜትር መወጣጫ ላይ 10 ጊዜ የወጣ ሰው ሰውነቱን በድምሩ 2 ሜትር ወደ ላይ አንሥቷል፤ በ40 ላይ 10 ጊዜ የወጣ ደግሞ 4 ሜትር። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ሥራውም እጥፍ ይሆናል። ጭማሪው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ከ20 ወደ 25 ሲኬድ ሥራው በአንድ አራተኛ ይጨምራል።

መወጣጫው ከአቅምዎ በላይ መሆኑን የሚያሳይ ፈጣን ፈተና አለ። መሬት ላይ የቀረውን እግር ጣቶች ወደ ላይ ቀስረው፣ በተረከዝ ብቻ ቆመው ለመውጣት ይሞክሩ። ካቃተዎት እስካሁን ሲያነሣዎት የኖረው የታችኛው እግር ግፊት ነበር ማለት ነው። ዝቅ ያድርጉት።

በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ የመቀመጫን ትልቁን ጡንቻ በብርቱ ከሚያሠሩ እንቅስቃሴዎች መካከል መወጣጫ ላይ መውጣትን ከፊት አስቀምጦታል። ክብደት ማንሻ ብረት የሌለው የገጠር ወጣት ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ያውቁ ኖሯል? በማግስቱ የሚያምመው የወጣው እግር ሳይሆን ያወረደው ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሰዎችን በአንድ እግር እያስወጣ በሌላው እያስወረደ ሲፈትን፣ ጡንቻው የታመመው ሰውነትን ተሸክሞ ያወረደው እግር ሆኖ ተገኝቷል። በስቅለት ዕለት ሲሰግድ የዋለ ምእመን ቅዳሜ ጠዋት ጭኑን የሚይዘው፣ ከቡሬ ወደ ነቀምት በሚወስደው አቅጣጫ ወደ ዓባይ ሸለቆ በእግሩ የወረደም በማግስቱ ደረጃ የሚከብደው በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ ከመወጣጫው ሲወርዱ ቀስ ይበሉ፤ ዱብ ማለት የስፖርቱን ግማሽ ያስቀራል፣ ጉልበትንም ይጎዳል።

አሁን ስለ ታወቁ የመወጣጫ ቁመቶች በጥድፊያ፦ በ1929 እ.ኤ.አ. ለልብ ምርመራ የተዘጋጀው የማስተር ፈተና የእያንዳንዱ ደረጃ ቁመት 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። በ1943 እ.ኤ.አ. የወጣው የሃርቫርድ የአካል ብቃት ፈተና 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ መወጣጫ ላይ በደቂቃ 30 ጊዜ፣ ለ5 ደቂቃ ያስወጣል፤ ይህም በድምሩ 76 ሜትር መውጣት ነው። ለብርቱ ወጣቶች የታሰበ ነበር፤ አጭር ሰው ግን ከረጅሙ ይልቅ ጉልበቱን አብዝቶ ለማጠፍ ይገደዳል። የቼስተር ፈተና የተሻለ አስቧል፤ እንደ ሰው አቅም የሚመረጡ 15፣ 20፣ 25 እና 30 ሴንቲ ሜትር ቁመቶች አሉት። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ መወጣጫ ላይ የሚሠራውን ስቴፕ ኤሮቢክስ ያስፋፋችው አሜሪካዊቷ ጂን ሚለር የጀመረችው ጉልበቷ ተጎድቶ በወተት ሣጥን ላይ ስትወጣና ስትወርድ ነው። በ3,000 ሜትር መሰናክል ሩጫ የወንዶች መሰናክል 91.4፣ የሴቶች 76.2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አትሌቶቹ ከውኃ ጉድጓዱ ፊት ያለውን መሰናክል ሲያልፉ ብዙ ጊዜ አናቱን ረግጠው ይዘላሉ። ይህ በሩጫ ፍጥነት የሚሠራ ስለሆነ ለቤት ልምምድ መለኪያ አይሁንዎ።

ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ከ2,000 በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ከቆላ አገር የመጣ እንግዳ መወጣጫ ላይ ሲወጣ እግሩ ሳይደክም ትንፋሹ ቢቀድመው አይደንግጥ፤ ፍጥነቱን ይቀንስ።

ያውቁ ኖሯል? መወጣጫ ላይ ጫማ የሚደረገው እንዳያንሸራትት ነው፤ በጎጃም ግን የጫማ ነገር ከዚያም በላይ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ባያቸው ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት 3.3 በመቶው በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ በሚመጣው የእግር እብጠት፣ በፖዶኮኒዮሲስ፣ መያዛቸውን መዝግቧል። ለሕሙማኑ እግርን በየቀኑ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ እንዲሁም እግርን ማንቀሳቀስና ከፍ አድርጎ ማሳረፍ የሕክምናው ክፍል ነው። በግቢዎ አፈር ላይ ሲሠሩም ጫማ ያድርጉ።

የትምህርት ቤት የስፖርት መምህራን፣ አደራ! አርባውን ተማሪ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አታስወጡ። 15፣ 20 እና 30 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት መወጣጫዎች አዘጋጁና እያንዳንዱን ልጅ በጉልበቱ ልክ መድቡት።