የውኃውን ዋጋ ጠይቁ

በሱዳኗ ገዳሪፍና በኢትዮጵያ ድንበር ዙሪያ ስለ ቤት ገንዘብና ስለ ጓሮ አትክልት የምንጽፍ ጋዜጠኞች ጥቂት ነን። ቋሚ ቀጣሪ የለንም፤ የሚከፈለን በጽሑፍ ነው። ሁለቱ አገሮች በሚወዛገቡበት አልፋሽጋ ላይ ተኩስ ሲሰማ አዘጋጆች ደጋግመው ይደውላሉ፤ የቃሪያ መደብ ታሪክ ስናቀርብ ግን መልሱ «ትንሽ ይቆይ» ነው። አንባቢ የማያየውን፣ እኛ እርስ በርሳችን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንነጋገረውን እነሆ።

«እህቴ፣ ስንት ብር አለሽ?» ብለን አንጠይቅም። በስደት ያለ ሰው እውነተኛውን አይናገርም፤ ባይናገርም ልክ ነው። የምንጠይቀው «ውኃውን በስንት ትገዢዋለሽ? ለጓሮውስ ስንት ጀሪካን ይሄዳል?» ብለን ነው። ይህን ማንም አይደብቅም፤ እንዲያውም ምሬት ስላለበት በዝርዝር ይወራል። የገዳሪፍ የውኃ ችግር የቆየ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቁት የላይኛው አትባራና የሰቲት (የእኛው ተከዜ) ግድቦች ለከተማዋ ውኃ እንዲያደርሱም ታስበው ነበር፤ በአህያ ጋሪ ውኃ እያዞረ የሚሸጠው ሰው ግን ዛሬም ሥራ አልፈታም።

ሒሳቡን እንዲህ እናወጣዋለን። በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ7 እስከ 8 ሊትር ውኃ ይጠጣል። ሁለት ካሬ ሜትር ያላት ሴት ከ20 ሊትሩ ጀሪካን አብዛኛውን በየቀኑ ታፈሳለች ማለት ነው። የወሩን ጀሪካን በዋጋው አባዝተን ከአንድ ወር የባሚያና የሙሉኺያ (ለወጥ የሚሆን ቅጠል) ሽያጭ ጋር ስናስተያየው ብዙ ጊዜ ኪሳራ ይወጣል። «ከጓሮዎ ገንዘብ ይፈሳል» የሚል ርዕስ ሲሰጠን የማንቀበለው ለዚህ ነው። ገንዘብ ያላት ሴት ጽሑፋችንን አምና በበጋ ብትዘራ ገንዘቧን የበላነው እኛ ነን። ትርፉ ያለው የልብስና የዕቃ እጣቢ ሁለተኛ ሥራ በሚሠራበት ቤት፣ ወይም ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ በነጻ በሚያጠጣበት ወቅት ነው።

የአፈሩ ነገር ደግሞ አለ። ከውጭ መጻሕፍት የሚገለበጠው የጓሮ ምክር እዚህ አይሠራም። የገዳሪፍ መሬት ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ሲርስ እግር ይይዛል። እንግሊዞች በ1937 ዓ.ም. ገደማ ገደምባሊያ በተባለ ስፍራ በትራክተር ማረስ የጀመሩት፣ ኋላም አገሩ ሁሉ የማሽላና የሰሊጥ ሜዳ የሆነው ይህ አፈር ውኃ ስለሚይዝ ነው። ለጓሮ ግን ያው ባሕርዩ ሥር ያሰምጣል። በክረምት መደቡን ከፍ አድርጎ፣ በበጋ ዝቅ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል። የፍየል በጠጥ እንመክራለን፤ የሰሊጥ ፋጉሎ ከብት ያላቸው ሰዎች ስለሚሻሙበት ለጓሮ ማዋል አያዋጣም።

ከሁሉ በላይ አክብረን የምንጽፈው ግን ስለ ኖት ለውጥ ነው። ኢትዮጵያ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹን የብር ኖቶች ይፋ ስታደርግ ለመቀየሪያ የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ነበር። በጥቅምት ማብቂያ የትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ ኅዳር ሳያልቅ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ገባ፣ በ1977ቱ ረሃብ ዘመን ስደተኛ ያስጠለለው ኡም ራኩባም እንደገና ተከፈተ። አሮጌ ኖት በመቀነቱ ቋጥሮ የተሻገረ ሰው ባንኩ ማዶ ቀረበት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.፣ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ያለችው ሱዳን በበኩሏ ሠራዊቱ በያዛቸው ግዛቶች፣ ገዳሪፍንም ጨምሮ፣ የ500ና የ1000 ፓውንድ ኖቶችን ለወጠች፤ ገንዘቡ በባንክ ሒሳብ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ሒሳብ ለመክፈት ደግሞ መታወቂያ ያስፈልጋል። በስሟ ወረቀት የሌላት ሻይ ሻጭ የሰው ሒሳብ መለመን ነበረባት። ይህን ሁለት ጊዜ ያየ ሰው ቁጠባውን በፍየል፣ በወርቅ ቀለበት፣ በዘር ቢያስቀምጥ አላዋቂ አይባልም። «ባንክ ቆጥቡ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከጽሑፋችን የምናወጣው አስበን ነው።

እቁቡን በተመለከተ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለን። ሱዳኖቹ ኽታ ይሉታል፤ ብዙ ጊዜ ሐበሻና ሱዳናዊት ጎረቤታሞች አብረው ይጥላሉ፣ ዕጣውም ከዝናቡ በፊት ቢደርስ ለዘርና ለአጥር ይውላል። ይህ ደግ ነገር ነውና እንጽፈዋለን። የመጣያውን ቀን፣ የሰብሳቢዋን ሰፈር፣ የዕጣውን መጠን ግን አንጽፍም። የጓሮ ፎቶ ስናነሣም የቤቱ በር፣ የውኃ ታንከሩና የመስጊዱ ሚናር ከሥዕሉ እንዲወጡ እናደርጋለን፤ አዘጋጁ «ፎቶው ባዶ ነው» ቢልም አንለውጠውም። ገንዘብ ያለበትን ቤት በጋዜጣ ማሳየት በዚህ ጊዜ ሰው ያስዘርፋል።

ለሙያው አዲስ የሆነ ልጅ ሲመጣ የምንሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ግንቦት ላይ ገበያ ወርዶ ሦስት ዋጋ ማምጣት ነው፦ የአንድ ጀሪካን ውኃ፣ የአንድ እፍኝ የባሚያ ዘርና የአንድ ጥቅል ሙሉኺያ። እነዚህ ሳይገቡ የጓሮ ጽሑፍ አናሳልፍም።